አርነ ላርሶን፦ የመጀመሪያው የፔስሜከር ባለቤት

በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚቀመጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ፣ ማለትም ፔስሜከር፣ የተገጠመላቸው ሰው ስዊድናዊው አርነ ላርሶን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1915 ተወለዱ፤ በሙያቸው መሐንዲስ ነበሩ።

ሕመማቸው

ላርሶን ከአንድ የቫይረስ ሕመም በኋላ የልባቸው የኤሌክትሪክ መስመር ተጎዳ። ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሣው ምልክት ወደ ታችኛው ክፍል በትክክል ስለማይደርስ ልባቸው ለሰከንዶች ያህል መምታቱን ያቆም ነበር። በዚህ ጊዜ ራሳቸውን ይስታሉ። ሕመሙ እየባሰ ሲሄድ ይህ በቀን ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይደርስባቸው ጀመር። በጊዜው የነበሩት መድኃኒቶች አልረዷቸውም።

ባለቤታቸው ኤልሰ ማሪ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በልብ ማነቃቂያ ላይ ምርምር ያደርጉ ወደነበሩት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኦኬ ሴኒንግና መሐንዲስ ሩነ ኤልምክቪስት ሄደው ባላቸውን እንዲረዱ አጥብቀው ለመኑ። ለሰው የሚሆን መሣሪያ ገና አልተዘጋጀም ነበር። ኤልምክቪስት በጥድፊያ ሠሩት፤ ሽቦዎቹንና ባትሪውን በፕላስቲክ ሙጫ ለመሸፈንም የጫማ ቀለም ቆርቆሮን እንደ ቅርጽ ማውጫ ተጠቀሙ።

ቀዶ ሕክምናው

ጥቅምት 8 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. (በአውሮፓውያን ወር) ምሽት ላይ በሶልና ከተማ በሚገኘው ካሮሊንስካ ሆስፒታል የላርሶን ደረት ተከፍቶ የመሣሪያው ሽቦዎች ከልብ ጡንቻ ጋር ተያያዙ። ዕድሜያቸው 43 ነበር። የመጀመሪያው መሣሪያ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሥራ አቆመ፤ በሁለተኛ ተተካ። በቀጣዮቹ ዓመታትም ባትሪና ሽቦ እየደከሙ ብዙ ጊዜ ቅያሪ አስፈለጋቸው። በሕይወት ዘመናቸው በጠቅላላው 26 መሣሪያዎችን ተጠቅመዋል።

ላርሶን ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እንደ እርሳቸው መሣሪያ ለተገጠመላቸው ሰዎችም ተሟጋች ሆኑ። ያረፉት በ2001 በ86 ዓመታቸው ሲሆን፣ ምክንያቱ የልብ ሕመም ሳይሆን የቆዳ ካንሰር ነበር። ሕይወታቸውን ካተረፉት ሰዎች ኤልምክቪስት በ1996፣ ሴኒንግ ደግሞ በ2000 ቀድመዋቸው አርፈዋል።

ፔስሜከር ካለዎትና ቀዶ ሕክምና ከታዘዘልዎት

ላርሶን ደጋግመው በቀዶ ሕክምና ክፍል አልፈዋል። ዛሬም ፔስሜከር ያለው ሰው ለሐሞት ጠጠር፣ ለአጥንት ስብራት ወይም ለሌላ ችግር ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ይህ በአብዛኛው ያለ ችግር የሚከናወን ነው፤ ዝግጅት ግን ይፈልጋል።

ሐኪሞች ሥጋ ለመቁረጥና ደም ለማቆም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይጠቀማሉ። ፔስሜከሩ ያንን ኤሌክትሪክ የልብ የራሱ ምት አድርጎ ሊወስደውና ሥራውን ለጊዜው ሊያቆም ይችላል። ልባቸው ሙሉ በሙሉ በመሣሪያው ለሚመታ ሰዎች ይህ አደገኛ ነው። ስለዚህ የሕክምና ቡድኑ መሣሪያው በቋሚ ፍጥነት እንዲሠራ አስቀድሞ ሊያስተካክለው ወይም ማግኔት በላዩ ሊያስቀምጥ ይችላል። ማግኔቱ በሁሉም መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት ውጤት ስለሌለው በራስዎ አይጠቀሙበት። ለምሳሌ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስደነግጥ መሣሪያ ከሆነ፣ ማግኔት አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆመው ይህን ድንገተኛ ሕክምና ነው፤ የምቱን ፍጥነት ግን አይለውጥም።

• ፔስሜከር እንዳለዎት ለቀዶ ሐኪሙም ለማደንዘዣ ሐኪሙም ይንገሩ።
• የመሣሪያውን ካርድ ይዘው ይሂዱ፤ ዓይነቱ፣ ስሙና የተገጠመበት ቀን የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።
• የመጨረሻ ምርመራዎ መቼ እንደነበር ያስታውሱ። ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መሣሪያው እንዲታይ ይጠይቁ።
• ራስን መሳት ወይም ማዞር ካለብዎት አይደብቁ።
• ለቀዶ ሕክምናው መሣሪያው ከተስተካከለ፣ ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት ወደ ቀድሞው መመለሱን ያረጋግጡ።

ታካሚው መናገር ካልቻለ ይህን የሚያስታውሰው ቤተሰብ ነው። የላርሶንን ሕይወት ያተረፈውም ከሐኪሞቹ ሙያ ጋር የባለቤታቸው ጥረት ነበር።