ጎርደን ዶብሰንና የኦዞን ልኬት

ጎርደን ዶብሰን በ1889 በእንግሊዝ አገር ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በካምብሪጅ ተምሮ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፋርንቦሮ በአውሮፕላን ምርምር ካገለገለ በኋላ፣ በ1920 በኦክስፎርድ የአየር ጠባይ ሳይንስ መምህር ሆነ።

በዚያም ከፊዚክስ ሊቁ ሊንደማን ጋር ተወርዋሪ ኮከቦችን ሲያጠና፣ በ50 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ ያለው አየር ከተገመተው ይልቅ ሞቃት መሆኑን ተረዳ። ሙቀቱ የሚመነጨው ኦዞን የፀሐይን ልዕለ ሐምራዊ ጨረር በመምጠጡ ነው ከሚለው ሐሳብ ተነሥቶ፣ የኦዞኑን መጠን ለመለካት ቆረጠ።

የመሣሪያው መርሕ ግልጽ ነው። ኦዞን አጥብቆ የሚመጥጠውንና እምብዛም የማይነካውን ሁለት የጨረር ሞገዶች ያነጻጽራል፤ ከንጽጽሩም በጠቅላላው የአየር ዓምድ ውስጥ ያለው ኦዞን ይሰላል። ይህ ኦዞን ሁሉ በዜሮ ዲግሪ ሙቀትና በባሕር ወለል ግፊት ቢሰበሰብ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ፣ በኋላ በስሙ፣ አንድ ዶብሰን ተባለ።

በ1926 መሣሪያዎቹ ለአውሮፓ ጣቢያዎች ታደሉ። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ በአሮሳ የተጀመረው ልኬት በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። ቀጥሎም ወደ ግብፅ፣ ወደ ሕንድና ወደ ኒው ዚላንድ ተላኩ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1956 ነበር። በአንታርክቲካ ከሃሌይ ቤይ ጣቢያ የደረሰው የመስከረምና የጥቅምት ልኬት፣ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ከታየው ተነሥቶ ከተጠበቀው በ150 ዶብሰን ገደማ አነሰ። በመጀመሪያ የተጠረጠሩት መሣሪያውና ለኪው ነበሩ። ይሁን እንጂ በኅዳር መጠኑ በድንገት ከፍ አለ፤ በተከታዩም ዓመት ይኸው ሁኔታ ተደገመ። በመሆኑም ዋልታውን የሚዞረው የክረምት ነፋስ እስከ ጸደይ መገባደጃ ድረስ የውጭውን አየር አግዶ እንደሚቆይ ታወቀ። ጥቅምት 300 ዶብሰን ገደማ መሆኑ የአካባቢው የተፈጥሮ ልክ ሆኖ ተመዘገበ።

ዶብሰን ለሞት እስከ ተቃረበበት ጊዜ ድረስ በመኖሪያ ቤቱ ሲለካ ቆይቶ በ1976 ዐረፈ። በ1985 ፋርማን፣ ጋርዲነርና ሻንክሊን የሃሌይ ቤይ የጥቅምት አማካይ በ1984 ከ200 በታች መውረዱን ገለጹ። የጉዳቱ ምንጭ ለማቀዝቀዣና ለመርጫ ጣሳ ይውል የነበረው ክሎሮፍሎሮካርቦን መሆኑ ተረጋገጠ፤ በ1987ም የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። በ1956 የተጠረጠረው ልኬት እንደ ስሕተት ተቆጥሮ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ፣ የኋለኛውን መቀነስ የሚያመዛዝኑበት መነሻ ባልተገኘም ነበር።