ካዎ ጦናና የዳሞታ መንገድ

በወላይታ ሶዶ ከተማ ቆሞ ፊቱን ወደ ሰሜን የመለሰ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የዳሞታን ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ያህል ነው። ወደ ራሱ የሚያወጣው መንገድ የሁሉ ነው። ገበያተኛው፣ እንጨት የተሸከመችው ሴት፣ አህያ የሚነዳው ልጅ፣ ለጸሎት የሚወጣው ምእመን፣ በዕረፍት ቀኑ ነፋስ ሊቀበል የሚሄደው ወጣት፣ ሁሉም በዚያው ቀይ አፈር ላይ ይተላለፋሉ።

እኛም በቅርቡ በእግራችን ወደዚያው ስንወጣ፣ ከባልንጀሮቻችን አንዱ በቢስክሌት ካልሆነ አልሄድም ብሎ ተከተለን። በሜዳው ጥሎን ሄደ፤ አቀበቱ ሲጀምር ደረስንበት፤ ከተራራው ወገብ በላይ ግን ቢስክሌቱ ሰው መሸከሙ ቀርቶ ራሱ ሸክም ሆነ። (ተራ በተራ ማገዛችንን እዚህ ብናነሣው፣ ስሙን እስካልጠራን ድረስ አይቀየመንም።) በጠባቡ መንገድ ላይ ቢስክሌተኛና እግረኛ ማለፊያ ሲፈላለጉ በማየታችን ሐሳባችን ወደ ጥንቱ ፈረሰኛና እግረኛ ተመለሰ። ከ130 ዓመት በፊት በዚህ አገር ፈረሰኛና ጦረኛ የሚያሰልፍ ንጉሥ ነበረና። እርሳቸውም የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ ናቸው።

ካዎ ማለት በወላይታ ቋንቋ ንጉሥ ማለት ነው። ካዎ ጦና የትግሬ ማላ ከሚባለው ሥርወ መንግሥት የተወለዱ ሲሆኑ፣ ከእርሳቸው በፊት ካዎ ጎቤ፣ ቀጥሎም አባታቸው ካዎ ጋጋ ነግሠዋል። መናገሻቸው ደልቦ በዚሁ በዳሞታ ግርጌ ነበር። አገሩ ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ የጎሣ ክፍሎች የተደራጀ፣ ማርጩዋ በሚባል የብረት ገንዘብ የሚገበያይ፣ በእንሰትና በከብት የበለጸገ ነበር። ቀደም ያሉት ነገሥታት ጠላትን ለመከላከል ያስካቡት ረጅም የድንጋይ ካብ ፍርስራሹ እስከ ዛሬ ይታያል።

ካዎ ጦና በ1883 ዓ.ም. ገደማ ዙፋኑን ሲረከቡ ግን ካብና ፈረስ ብቻ አገር የሚጠብቅበት ዘመን እያለፈ ነበር። በሰሜንና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ክፍል ክፉ ቀን እየተባለ የሚታወሰው ረኃብ ከብቱን ፈጅቶ፣ ሕዝቡን አራቁቶ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ደግሞ ከኢጣሊያ መንግሥት ጋር በውጫሌ ውል ምክንያት ተጣልተው ሠራዊታቸውን ያስታጥቁ ነበር። ሠራዊት ጠመንጃ ብቻ አይበቃውም፤ ቀለብም ይሻል። ስለዚህ የደቡቡ ለም አገር ለግዛትም ለስንቅም የሚፈለግ ሆነ። ወደ ወላይታ አስቀድሞ የተላከው ጦር ግን የታሰበለትን ሳይፈጽም ቀረ።

በዚያን ጊዜ ለካዎ ጦና ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛውን የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ሄደውበታል፤ ግብር ከፍለው ዙፋናቸውን አቆዩ፤ ጅማም ለብዙ ዓመታት የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ኖረች። ካዎ ጦና ሁለተኛውን መረጡ። አባ ጅፋር ራሳቸው በሰላም እንዲገቡ ቢመክሯቸውም አልተቀበሉም።

በ1887 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ጦሩን መርተው ከአዲስ አበባ ተነሡ። ከእርሳቸውም ጋር የወሎው ራስ ሚካኤል፣ ፊታውራሪ ገበየሁ፣ ሊቀ መኳስ አባተና አባ ጅፋር ዘመቱ። ቫንደርሃይም የሚባል አንድ ፈረንሳዊም ዘመቻውን ተከትሎ ነበርና፣ ያየውን ጽፎ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1896 አሳተመው። የወላይታ ሰው በጦርና በጋሻ፣ በፈረስና በእግር ተዋጋ፤ ከፊቱ የመጣው ግን ጠመንጃ ነበር። ውጊያው ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። በዚህች አጭር ጊዜ የወደቀው ሰው ግን እጅግ ብዙ ነው፤ የተቃጠለው ቤትና የተነዳው ከብትም እንደዚሁ፤ በምርኮና በባርነት የተወሰደውም ጥቂት አልነበረም። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ዘመቻ በዚያ ዘመን እጅግ ደም ከፈሰሰባቸው ዘመቻዎች መካከል ይቆጥሩታል። እኛም አድዋን በኩራት የምናነሣ ሰዎች ይህን ዝም ብለን ልናልፈው አይገባንም።

በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ምኒልክ ፊት በቀረቡ ጊዜ ሕዝባቸውን ለጥፋት በማብቃታቸው ተወቀሱ፤ ቁስላቸውም ታከመላቸው። ከዚያም ወደ ሸዋ ተወሰዱ። በወላይታ የነገሥታት ዘመን በዚህ አበቃ። ከ15 ወር በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሲዋጉ ከወደቁት ጀግኖች አንዱ፣ እዚህ የዘመቱት ያው ፊታውራሪ ገበየሁ ነበሩ። የአንድ ሰው ስም በአንዱ አገር በሐዘን፣ በሌላው በክብር የሚነሣበት ታሪክ አለን።

ካዎ ጦና የአባ ጅፋርን ምክር ሰምተው ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር? የሞተውን ለሚያስብ ሰው ፍርዱ ቀላል ይመስላል፤ እኛም ከታች ሳለን ጅማን እያነሣን እንዲሁ ፈርደን ነበር። ተራራው ራስ ላይ ስንደርስ ግን ሶዶ ከእግራችን በታች፣ እንሰቱና ባሕር ዛፉ የከበበው ጎጆ እስከ ታች ድረስ ተዘርግቶ፣ የአባያ ሐይቅም በስተ ደቡብ ምሥራቅ በርቀት ሲያበራ አየን። ይህን ሁሉ በየቀኑ እያየ ያደገ ንጉሥ ሌላ ሰው በውል እሰጥሃለሁ ሲለው እሺ ማለት ምን ያህል እንደሚከብደው ያን ጊዜ ገባን። ይህም የሞቱትን ቁጥር አይቀንሰውም። ባለ ቢስክሌቱ ባልንጀራችን ከአባ ጅፋር ጋር ነኝ አለ፤ ሌላው ተቆጣ፤ ክርክሩ እንጀራችን እስኪያልቅ ቆየ።

ስንወርድ ቢስክሌቱ ተራው ደረሰውና እንደ ፈረስ ሊጋልብ ፈለገ። ከመታጠፊያው ላይ ግን እንጨት ያዘሉ ሦስት ሴቶች ብቅ አሉ። ባልንጀራችን ወርዶ ቢስክሌቱን ወደ ዳር አስጠጋና ቆመ። ሴቶቹ ከሸክማቸው ሥር ሆነው ሰላምታ ሰጥተውን አለፉ፤ እኛም የቀረውን መንገድ በእግር ወረድን።