ቪክቶር ጎልድሽሚት

ቪክቶር ሞሪትዝ ጎልድሽሚት (ጃንዋሪ 27 ቀን 1888 – ማርች 20 ቀን 1947 እ.ኤ.አ.) በስዊዘርላንድ ተወልደው በኖርዌይ ያደጉ የኬሚስትሪና የማዕድን ሊቅ ነበሩ። የዘመናዊ ጂኦኬሚስትሪ መሥራች ተብለው ይጠራሉ። ጂኦኬሚስትሪ ንጥረ ነገሮች በድንጋይ፣ በአፈር፣ በደለልና በውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚከፋፈሉ የሚያጠና ሳይንስ ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ጎልድሽሚት የተወለዱት በዙሪክ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። አባታቸው ሃይንሪክ ጎልድሽሚት የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆኑ፣ በ1901 በክሪስቲያኒያ (በዛሬዋ ኦስሎ) ፕሮፌሰር ሆነው ስለተሾሙ ቤተሰቡ ወደ ኖርዌይ ተዛወረ። በ1905 የኖርዌይ ዜግነት አገኙ። ቪክቶር በሥነ ምድር ሊቁ በቫልደማር ብሮገር ሥር ተምረው በ1911 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ1914፣ ገና በ26 ዓመታቸው፣ ፕሮፌሰር ሆኑ።

ሥራዎቻቸው

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኖርዌይ ከውጭ የምታስገባቸው ጥሬ ዕቃዎች እጥረት ስለገጠማት፣ በ1917 የተቋቋመውን የጥሬ ዕቃ ላቦራቶሪ እንዲመሩ ተደረገ። ከጦርነቱ በኋላ በኤክስሬይ የክሪስታሎችን ውስጣዊ አሠራር ማጥናት ጀመሩ። በ1926 የብዙ አዮኖችን መጠን የያዘ ሠንጠረዥ አወጡ። በጣም በጥቂቱ የሚገኝ ንጥረ ነገር በመጠንና በኤሌክትሪክ ሙል ከሚመስለው ንጥረ ነገር ጋር በአንድ ማዕድን ውስጥ እንደሚገኝ አሳዩ። ለምሳሌ ሩቢዲየም የፖታሲየምን፣ ጋሊየም ደግሞ የአሉሚኒየምን ቦታ ይይዛል።

ንጥረ ነገሮችንም በአራት ወገን ከፈሉ፤ እነዚህም ከብረት ጋር፣ ከድንጋይ (ሲሊኬት) ጋር፣ ከድኝ (ሰልፈር) ጋር የሚሄዱትና በአየር ውስጥ የሚገኙት ናቸው። ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ ድረስ በዩኒቨርሲቲዎች ይማሩበታል።

ደለል እንደ ማመሳከሪያ

በ1929 ወደ ጀርመን ወደ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በዚያም ናሙናን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አግሎ የሚወጣውን ብርሃን በሚመዘግብ መሣሪያ (ስፔክትሮግራፍ) እጅግ ጥቂት ንጥረ ነገሮችን ይለኩ ነበር። የብርሃኑ ድምቀት ብቻውን ግን መጠንን አይናገርም። መጠኑ የሚታወቀው የንጥረ ነገሩ ይዘት አስቀድሞ ከታወቀ ናሙና ጋር ሲነጻጸር ነው።

ሌላው ጥያቄ የመሬት ቅርፊት አማካይ ይዘት ምን ያህል ነው የሚል ነበር። ጎልድሽሚት መልሱን በደለል ውስጥ ፈለጉ። በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር በሰፊ አገር ላይ ሲንቀሳቀስ የተለያዩ ድንጋዮችን ፈጭቶ ስለደባለቀ፣ በኖርዌይ የተወው ደቃቅ ጭቃ ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው አማካይ ናሙና ነው ብለው አሰቡ። ውጤታቸው ሌሎች ሊቃውንት በሺህ ከሚቆጠሩ የድንጋይ ምርመራዎች ካሰሉት ጋር በብዛት ተቀራረበ። የጎላ ልዩነት የታየው ውሃ አሟሙቶ በሚወስዳቸው በካልሲየምና በሶዲየም ነው። በ1935 ደግሞ በላቦራቶሪያቸው የሠራው ጃፓናዊው ሚናሚ 36 የአውሮፓ ሼል (ከጭቃ የተፈጠረ ድንጋይ) ናሙናዎችን ደባልቆ ብርቅዬ ንጥረ ነገሮችን ለካ።

ስደትና ሞት

በ1935 ናዚዎች በአይሁድ ላይ የሚፈጽሙትን በደል በመቃወም ሥራቸውን ለቀው ወደ ኦስሎ ተመለሱ። በ1940 ጀርመን ኖርዌይን ያዘች። በኦክቶበር 1942 ታስረው በርግ ወደሚባለው ካምፕ ተወሰዱ። በኖቬምበር 26 ቀን ከ500 በላይ አይሁዶችን ወደ አውሽቪትዝ መንገድ ይዛ ልትሄድ በነበረችው መርከብ ሊሳፈሩ ወደብ ላይ ቆመው ሳለ፣ እውቀታቸው ለአገር ይጠቅማል በሚል ተለቀቁ። መርከቧ ከወሰደቻቸው አብዛኞቹ አልተመለሱም። እርሳቸው በዲሴምበር ወደ ስዊድን አመለጡ፤ በማርች 1943ም ወደ ብሪታንያ ተሻገሩ። በዚያም በአበርዲንና በሮታምስቴድ የአፈር ምርምር ተቋማት ሠሩ። በእስር የተጎዳው ጤናቸው ግን አልተመለሰም። በ1946 ወደ ኦስሎ ተመልሰው በተከታዩ ዓመት በ59 ዓመታቸው አረፉ። «ጂኦኬሚስትሪ» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1954 ነው።

ከእርሳቸው በኋላ

በ1951 በአሜሪካ አንድ ዓይነት የድንጋይ ዱቄት ለብዙ ላቦራቶሪዎች ተልኮ የተገኘው ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ቁጥሮቹ እንደታሰበው አልተስማሙም። ይህም የጋራ ማመሳከሪያ ናሙና አስፈላጊነትን አሳየ። ዛሬ የደለል ማመሳከሪያ ሲዘጋጅ ደለሉ ይደርቃል፣ ይነፋል፣ ይላማል፣ በደንብም ይደባለቃል። ከዚያ በጠርሙስ ይሞላና ጠርሙሶቹ አንድ ዓይነት መሆናቸው ይፈተሻል። በተለያዩ ዘዴዎች ተለክቶም የይዘቱ መጠን ከነስህተት ወሰኑ በምስክር ወረቀት ይሰፍራል። ተመራማሪው ይህን ከራሱ ናሙና ጋር እኩል አሟሙቶ ይለካል፤ የተመሰከረለትን ቁጥር ካላገኘ የራሱንም ውጤት አያምንም።

በባሌ ተራሮች

የበረዶ ግግር የኖርዌይ ብቻ አልነበረም። ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባም በጥንት ዘመን በበረዶ ተሸፍኖ ነበር። በ3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው ገርባ ጉራቻ ሐይቅ በረዶው በቦረቦረው ጎድጓዳ ቦታ የተፈጠረ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመርና ባልደረቦቻቸው ከሐይቁ ደለል የአበባ ብናኝ አጥንተው ከ15,000 ዓመት በላይ የሆነውን የዕፅዋት ታሪክ በ2007 አሳትመዋል።

ሆኖም የባሌ ደለል የመጣው በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ፣ እንደ ኖርዌዩ ጭቃ የመሬት ቅርፊት አማካይ ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም። ደለሉን ለመመርመርም ይዘቱ የሚቀራረብ ማመሳከሪያ መምረጥ ያስፈልጋል። በሮቤም ሆነ በኦስሎ የተለካ ቁጥር እርስ በርሱ ሊነጻጸር የሚችለው ሁለቱም በታወቀ ናሙና ሲመሳከሩ ነው።