ጂሚ ሄንድሪክስ፦ የተዋሰውና የራሱ

ጂሚ ሄንድሪክስ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ጊታሩን በጥርሱ ሲመታ፣ ወይ ከማጅራቱ ጀርባ አዙሮ ሲጫወት ነው። ነገሩን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን፣ የእሱ ፈጠራ ነው የምንለው ይኼ ትርዒት ከሌሎች የተዋሰው ነው። የራሱ የሆነው ሌላ ነው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ ዓመታት ፈጅቶበታል።

የተወለደው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1942 በሲያትል ከተማ ነው። ኑሯቸው የድሃ ኑሮ፣ ወላጆቹም የተፋቱ ነበሩ። የመጀመሪያ መሣሪያው ከሰው ቤት ጥራጊ ውስጥ ያገኛት፣ አንድ ክር ብቻ የቀራት ዩኩሌሌ ነበረች፤ የሰማውን ዜማ በጆሮው መልቀም የጀመረው በእሷ ነው። በ15 ዓመቱ እናቱ ሞተች። በዚያው ሰሞን በ5 ዶላር የተገዛች ጊታር እጁ ገባች። ግራኝ ስለሆነ በኋላም የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ይይዝ ነበር፤ ኖታ ማንበብም አያውቅም። መምህሮቹ የእነ ሙዲ ዋተርስና የእነ ቢ ቢ ኪንግ የብሉዝ ሸክላዎች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1961 ወታደር ሆኖ አየር ወለድ ገባ፤ በዓመቱ ተሰናበተ። እውነተኛው ትምህርት ቤት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። የዘር መድልዎ በነገሠበት በዚያ ዘመን፣ ጥቁር ዘፋኞች በጥቁሮች ክለብ እየዞሩ ይሠሩ ነበር፤ ጂሚም የአይስሊ ብራዘርስ፣ ቀጥሎም የሊትል ሪቻርድ አጃቢ ሆነ። የአጃቢ ነገር መቼም ይታወቃል፤ አንድ ዓይነት ልብስ፣ አንድ ዓይነት እርምጃ፣ ማታ ማታ ያው ዜማ። ከዋናው ዘፋኝ በልጦ መታየት ጠብ ያመጣል። ከሊትል ሪቻርድ ጋርም አልተስማሙም፤ ተለያዩ።

ያም ሆኖ በእነዚያ ዓመታት ያየውን አልጣለም። ጊታርን ከማጅራት ጀርባ መጫወት ቲ-ቦን ዎከር በ1940ዎቹ ያሳየው ነገር ነው። በጥርስ መምታትም በዚያው ዙሪያ የነበሩ ጊታሪስቶች ያውቁት ነበር። ከኩርቲስ ሜይፊልድ ደግሞ ለስላሳውን አመታት ወሰደ።

እ.ኤ.አ. በ1966 የአኒማልስ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ቻስ ቻንድለር ኒውዮርክ ውስጥ በአንዲት ካፌ ሲጫወት አየውና ወደ ለንደን ይዞት ሄደ። እዚያ ከኖኤል ሬዲንግና ከሚች ሚቸል ጋር ኤክስፒሪየንስ የተባለው ባንድ ተመሠረተ። የእንግሊዝ ልጆች ብሉዝን የተማሩት ከአሜሪካ ጥቁሮች ሸክላ ነው፤ አሁን ከምንጩ የጠጣ ሰው መጣባቸው። ለንደን ከገባ ሳምንት ገደማ፣ ክሪም ከተባለው ባንድ ጋር መድረክ ወጥቶ የሃውሊን ዎልፍን «ኪሊንግ ፍሎር» ሲያንበለብለው፣ ስመ ጥሩው ኤሪክ ክላፕተን መጫወቱን ትቶ ከመድረክ ወረደ።

ታዲያ የራሱ የሆነው ምንድን ነው? ድምፁ ነው። ጊታር ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚፈጥረውን ጩኸት ሌሎችም ሞክረውት ነበር፤ እሱ ግን ጩኸቱን ገርቶ ዜማ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1968 የቦብ ዲላንን «ኦል አሎንግ ዘ ዋችታወር» ሲሠራው ዘፈኑ እንደ አዲስ ተወለደ፤ ዲላን ራሱ ከጊዜ በኋላ በጂሚ መንገድ ይጫወተው ጀመር። በዓመቱ ዉድስቶክ ላይ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጊታር ተጫወተ፤ አገሩ ቬትናም ውስጥ እየተዋጋች ሳለ፣ ከመዝሙሩ መሀል የቦምብ ድምፅ አሰማ።

የተዋሰው ትርዒት ግን መልሶ አሰረው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሞንተሬይ መድረክ ጊታሩን ካቃጠለ ወዲህ ሕዝቡ የሚጠብቀው እሳትና ጥርስ ሆነ። እሱ ግን የሚፈልገው ቆሞ መጫወትና መደመጥ ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ የራሱን ስቱዲዮ አሠርቶ በኦገስት 1970 ተከፈተ። ከሳምንታት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን፣ ለንደን ውስጥ በ27 ዓመቱ አረፈ። በስደት መልክ ወደዚያች ከተማ ከገባ አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ከእሱ በኋላ ስንቱ የሃርድ ሮክ ባንድ የእሱን ዓይነት ጊታር ገዛ፣ አቋቋሙን ቀዳ! ጂሚ አጃቢ በነበረ ጊዜ ግን የሚኖረው አይስሊዎቹ ቤት ነበር፤ የቤቱ ትንሽ ልጅ ኤርኒም ሲለማመድ ያየው፣ ይሰማው ነበር። ያ ልጅ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1973 በወንድሞቹ «ዛት ሌዲ» ላይ የመታው ጊታር ጂሚን ያስታውሳል። ሸክላው ላይ ጥርስ አይታይ፣ እሳት አይታይ፤ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁም የኤርኒ ነው።