ሆቢ ቤከር፦ ጭብጨባ የማይወድ ኮከብ

ስለ ስፖርት ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ተጫዋቹ ነው። ስለ አሰልጣኙም እንጽፋለን፤ ዳኛውንም እንወቅሳለን። ወንበሩ ላይ ቆሞ ስለሚጮኸው ተመልካች ግን እምብዛም አይጻፍም። እኔ ዛሬ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዤ ቀርቤያለሁ። ሰውየውን የመረጥኩት ጎበዝ ተጫዋች ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ ከተመልካቹ ጋር የነበረው ነገር ስለገረመኝ ነው። ሙሉ ስሙ ሆባርት ኤመሪ ሄር ቤከር ይባላል። አሜሪካኖች የሚያውቁት ግን ሆቢ ቤከር በሚለው አጭር ስሙ ነው። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። የሞተው በ26 ዓመቱ ነው፤ ማለትም ከብዙዎቻችን በአምስት ዓመት ብቻ በልጦ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የበረዶ ሆኪን አይቶ ለማያውቅ አንባቢ የኛን የገና ጨዋታ ማሰብ ይበቃዋል። በሩሯ ፋንታ ፐክ የሚባል ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ፣ በሣሩ ሜዳ ፋንታ የረጋ በረዶ፣ በእግሩም ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ ይተካ። ፍጥነቱ ግን ሌላ ነው። ተጫዋቹ አይሮጥም፤ ይንሸራተታል።

ልጅነትና ትምህርት ቤት

ሆቢ ጃንዋሪ 15 ቀን 1892 በፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ ፊላዴልፊያ አጠገብ በምትገኘው ባላ ኪንዉድ ተወለደ። ቤተሰቡ የተከበረ ነበር። አባቱም በወጣትነቱ በፕሪንስተን የአሜሪካን እግር ኳስ ተጫውቷል። ሆቢ 11 ዓመት ሲሆነው ከታላቅ ወንድሙ ከቶርንተን ጋር በኒው ሃምፕሻየር ግዛት ወደሚገኘው ሴንት ፖልስ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። እዚያ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ኩሬው ይረጋል፤ ልጆቹም በረዶው ላይ ይውላሉ። ሆቢ ደግሞ ማታ ማታ ሌሎቹ ሲገቡ እሱ በጨለማ እየወጣ ይለማመድ ነበር። ዓላማው ፐኳን ሳያይ በዱላው ብቻ እየዳሰሰ መንዳት ነው። በኋላ ተመልካቹን አፍ ያስከፈተው ችሎታ የመጣው ከዚህ ነው። ማንም በማያየው ቦታ፣ ማንም ሳያጨበጭብለት የተማረው ነገር ነው።

በ1907 አሜሪካን የመታው የገንዘብ ቀውስ የቤተሰቡን ኪስ ጎዳ። ወላጆቹም በዚያው ዓመት ተፋቱ። አባትየው ከሁለት ልጆቹ ወደ ኮሌጅ መላክ የሚችለው አንዱን ብቻ ሆነ። ቶርንተን ዕድሉን ለታናሹ ለቀቀለት። እንግዲህ ሆቢ በ1910 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የገባው በወንድሙ ቦታ ጭምር ነው። በኋላ ስለሱ ሲጻፍ እንደ ሀብታም ልጅ ብቻ ስለሚታይ፣ ይህን ነገር ማንሳት ተገቢ መሰለኝ።

ፕሪንስተንና ኒው ዮርክ

በዚያን ጊዜ የፕሪንስተን ደንብ ለአንድ ተማሪ ከሁለት ስፖርት በላይ አይፈቅድም ነበር። ሆቢ ቤዝቦልን ትቶ የአሜሪካን እግር ኳስንና ሆኪን ያዘ። በሁለቱም አምበል ለመሆን በቃ። የእግር ኳሱን የሚጫወተው ያለ ራስ መከላከያ ስለነበር ቢጫ ፀጉሩ ከሩቅ ይታይ ነበር። በ1913 መኸር አምበል ሆኖ ሜዳ ሲገባ ካዩት አዲስ ተማሪዎች አንዱ በኋላ ታዋቂ ደራሲ የሆነው ኤፍ. ስኮት ፊትዝጄራልድ ነው። ፊትዝጄራልድ በ1920 ላወጣው የመጀመሪያ ልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ኤመሪ የሚል ስም ሰጠው፤ ስሙን ያገኘው ከሆቢ መካከለኛ ስም ነው።

ሆኪው ላይ ግን አንድ ችግር ነበር። ፕሪንስተን የራሱ የበረዶ ሜዳ አልነበረውም። ብዙዎቹን ጨዋታዎች በሜዳዬ ብሎ የሚያካሂደው ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ሴንት ኒኮላስ በሚባለው የቤት ውስጥ ሜዳ ነው። አስቡት፤ ተማሪው የራሱን ኮሌጅ ቡድን ለማየት ባቡር ተሳፍሮ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ወንበሮቹን የከተማው ባለጠጎች ይዘዋቸዋል። ወንዱ የምሽት ሱፉን፣ ሴቷ ረጅም ቀሚሷን ለብሰው፣ በራፉ ላይ ሾፌር የያዛቸው መኪኖች ተደርድረው ነበር የሚታየው።

በዚያ ዘመን አንድ ቡድን ሰባት ተጫዋቾች ያሰልፍ ነበር። ሰባተኛው ሮቨር ይባላል፤ ቋሚ ቦታ የለውም፤ ሜዳውን ሁሉ ያካልላል። ሆቢ ሮቨር ነበር። ፐኳን ከራሱ ጎል ጀርባ አንስቶ ፍጥነት እየጨመረ ሲወጣ ሕዝቡ መጣ መጣ እያለ ከወንበሩ ይነሳ ነበር ይባላል። ከተመረቀ በኋላ በዚሁ ሜዳ ለሴንት ኒኮላስ ክለብ ሲጫወት ደግሞ፣ የሜዳው ባለቤቶች ዛሬ ማታ ሆቢ ቤከር እንደሚጫወት የሚያስታውቅ ጽሑፍ በራፉ ላይ መስቀል ጀመሩ። ትኬቱ የሚሸጠው በቡድኑ ስም ሳይሆን በሱ ስም ሆነ።

እሱ ግን ጽሑፉ እንዲነሳ ጠየቀ። ስሙ በጋዜጣ ሲገንም ደስ አይለውም ነበር። ሆኪ የቡድን ጨዋታ ነው ብሎ ያምናል። ጨዋታው ሲያልቅ፣ አሸንፎም ሆነ ተሸንፎ፣ ወደ ተጋጣሚው መልበሻ ክፍል ሄዶ ተጫዋቾቹን መጨበጥ ልማዱ ነበር። ይህን የሚያደርገው ሲመቱት ከዋሉ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም እሱን ማስቆም የሚቻለው በዱላና በክርን መስሎ ስለሚታያቸው ብዙዎቹ ተከላካዮች ይደበድቡት ነበር። እሱ አይመልስም። በኮሌጅ ዘመኑ በሙሉ በቅጣት የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያም ጃንዋሪ 24 ቀን 1914 ቦስተን ውስጥ ከሃርቫርድ ጋር በተደረገው ጨዋታ ነው። ያ ጨዋታ ተጨማሪ ሰዓት ውስጥ ገብቶ ረዝሞ ሃርቫርድ 2 ለ 1 አሸነፈ።

መቼም ሰው ነውና ሁሉ ነገሩ ፍጹም ነበር ማለቴ አይደለም። የዘመኑ የአማተር ስፖርት ሕግ ራሱ የባለጠጎች ሕግ ነበር። ገንዘብ ተቀብሎ መጫወት ነውር የሚሆነው ገንዘብ ለማያስፈልገው ሰው ነው። የሞንትሪያሉ ካናዲየንስ ክለብ ለሦስት የውድድር ዘመን 20,000 ዶላር ሲያቀርብለት ሆቢ እምቢ ያለው በዚሁ ሕግ ነው። ከዚያ ይልቅ ኒው ዮርክ ውስጥ ጄ.ፒ. ሞርጋን ባንክ ተቀጥሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሥራውን አልወደደውም። ማታ በረዶው ላይ የሚነሳለት ሕዝብ ቀን ቀን ባንክ ውስጥ የለም፤ ጩኸቱን የማይወደው ሰው ጨዋታውን ግን አጥብቆ ይወድ ነበር። እኔ በሕይወቱ ውስጥ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ሰማይና ጦርነት

በ1916 አውሮፕላን ማብረር ተማረ። የዚያው ዓመት ኖቬምበር 18 ቀን ፕሪንስተንና ዬል ሲጋጠሙ ከሌሎች አብራሪዎች ጋር በስታዲየሙ ላይ እየበረረ ለተመልካቹ ትርኢት አሳየ። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ በ1917 ወደ ፈረንሳይ ሄደ። እዚያም ተዋግቶ የፈረንሳይን የጦር መስቀል ኒሻን አገኘ፤ የሻምበልነት ማዕረግም ደረሰ። በ1918 የ141ኛው ስኳድሮን አዛዥ ሲሆን አውሮፕላኖቹን በፕሪንስተን ቀለም፣ በብርቱካንማና በጥቁር፣ አስቀባቸው።

ጦርነቱ ኖቬምበር 11 ቀን 1918 አበቃ። ዲሴምበር 21 ቀን ሆቢ ወደ አገሩ የሚመልሰውን ትእዛዝ ተቀበለ። ሊሄድ ሲል የመጨረሻ አንድ በረራ ልብረር አለ። ጓደኞቹ ቢከለክሉትም ገና የተጠገነች አውሮፕላን ይዞ ተነሳ። ብዙም ሳይርቅ ሞተሯ ቆመ፤ ቱል ከምትባለው ከተማ አጠገብ ተከሰከሰ። ጥቂት ቆይቶ ሞተ። የመመለሻ ትእዛዙ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ወንበሩ ወደ ተማሪው መጣ

አሁን ወደ ተነሳሁበት ነገር ልመለስ። ሆቢ ከሞተ በኋላ የፕሪንስተን ሰዎች መታሰቢያ እናቁምለት አሉ። ሐውልት አልሠሩም፤ ግቢው ውስጥ የበረዶ ሜዳ ሠሩ። በ1923 ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ለግንባታው ያዋጡት 1,537 ሰዎች የ39 ኮሌጆች ሰዎች ናቸው። ከነሱ ውስጥ 172ቱ የዬል፣ 90ው የሃርቫርድ ነበሩ። ሁለቱም የፕሪንስተን ቀንደኛ ተጋጣሚዎች ናቸው። ልብ በሉ፤ የተሸነፈም ያሸነፈም ተቀናቃኝ ገንዘቡን አውጥቶ የተጋጣሚውን ሜዳ ሠራ። መልበሻ ክፍል ድረስ ሄዶ የሚጨብጥ እጅ የሚያመጣው ይህን ነው።

ሌላም ለውጥ መጣ። ሜዳው ግቢ ውስጥ ሲገባ ተማሪው ባቡር መሳፈር ቀረለት። በሌሎች ኮሌጆችም እንደዚሁ ሜዳዎች ተሠሩ፤ የተማሪ መቀመጫ ተለይቶ ተሰጠ። የኛን የአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ የሚያውቅ ሰው መቀመጫ ማንነት መሆኑን አያጣውም። አሜሪካ ኮሌጆችም ውስጥ የተማሪው ወገን ራሱን የቻለ ሕዝብ ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ላይና በተባለው ሜዳ ተማሪው ጨዋታውን ቆሞ ነው የሚያየው፤ በአንድ ወቅት ለትኬቱ ተሰልፎ ማደርም የተለመደ ነበር። የእንግዳው ቡድን ስም ዝርዝር ሲነበብ ሁሉም ጋዜጣ ዘርግተው የሚያነቡ ይመስላሉ፤ ስማችሁ አይስበንም ማለታቸው ነው። (ጋዜጣ ለዚህም ይጠቅማል፤ የኛ ዲፓርትመንት ይወቀው።) ሃርቫርድ ሲመጣ ደግሞ በረዶው ላይ ዓሣ ይወረወራል። ዳርትመዝ ኮሌጅ ውስጥ ፕሪንስተን ሲመጣና ዳርትመዝ የመጀመሪያውን ጎል ሲያገባ የቴኒስ ኳስ ይዘንባል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተጋጣሚ ተጫዋች ተቀጥቶ ሲወጣ ተማሪው እየተቀባበለ የሚያወርደው ስድብ ከመብዛቱ የተነሳ፣ የቡድኑ አሰልጣኝ ራሱ ተዉ ብሎ እስከ መጠየቅ ደርሷል።

እኔ እንደማየው እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። ጋዜጣው ቀልድ ነው፤ ማንንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ብልሃት አለበት። በረዶው ላይ የሚጣለው ነገር ግን በሚንሸራተት ሰው እግር ሥር ይገባል፤ ጨዋታውንም ያስቆማል፤ ዳኛውም የሚቀጣው ወርዋሪው የሚደግፈውን ቡድን ነው። ስድቡ ደግሞ ከሁሉም ይለያል፤ ምክንያቱም የሚወርደው መልስ መስጠት በማይችል፣ ቅጣት ሳጥን ውስጥ ለብቻው በተቀመጠ ሰው ላይ ነው። ያ ሳጥን ውስጥ በ1914 የተቀመጠው ሆቢ ቤከር ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ያን ቀን ተመልካቹ የፕሪንስተን ሳይሆን የሃርቫርድ ሜዳ ተመልካች ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሜዳው ገንዘብ ካዋጡት የሃርቫርድ ሰዎች መሀል ያን ማታ ወንበሩ ላይ የነበረ አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ።

አንዳንድ ሰው ሆቢ ጩኸት አይወድም ነበርና ተማሪው ዝም ብሎ ይቀመጥ ይል ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዝም ብሎ የሚቀመጠው ያ የሱፍና የቀሚስ ተመልካች እንኳ ሆቢ ሲመጣ ይነሳ ነበር። ደጋፊ ከሌለ ኮሌጅ ስፖርት ምን ትርጉም አለው? ሆቢ የጠላው ጩኸቱን ሳይሆን፣ ጩኸቱ ስድስት ጓደኞቹን ትቶ አንድ ሰው ላይ ማረፉን ይመስለኛል። የዛሬው ስድብም በሌላ አቅጣጫ ያው ነው፤ ጨዋታውን ትቶ አንድ ሰው ላይ ያርፋል።

ሆቢ በ1945 የሆኪ የዝነኞች አዳራሽ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች አንዱ ሆነ፤ አሜሪካዊ እሱ ብቻ ነበር። በ1975 ደግሞ የኮሌጅ እግር ኳስ የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ከ1981 ጀምሮ በየዓመቱ ለአሜሪካ ኮሌጆች ምርጥ የሆኪ ተጫዋች የሚሰጠው ሽልማት የሱን ስም ይዟል። ሽልማቱን ሲሰጡ ከችሎታ ጋር ጠባይንም እንደሚያዩ ይናገራሉ።

ለወንበሩ ግን ሽልማት የለውም። የተማሪ መቀመጫ የሚገኘው በችሎታ አይደለም፤ ተማሪ በመሆን ብቻ ነው። ሆቢ ፕሪንስተን የገባው ወንድሙ ቦታውን ስለለቀቀለት ነው፤ ያንን ቦታ እንዴት እንደያዘው አይተናል። ለተማሪው በስሙ የተሠራውን ሜዳ ደግሞ ከሠሩለት መሀል ተጋጣሚዎቹ አሉበት። እዚያ ቆሞ የሚጮህ ተማሪ ይህን ካወቀ፣ መጮሁን ሳይተው የሚጮኸውን ነገር መምረጥ አያቅተውም።