ገርሃርድ ኸርዝበርግና በከዋክብት መካከል ያለው ካርቦን

ገርሃርድ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1904 በጀርመን ሐምቡርግ ከተማ ተወለዱ፤ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ1928 በዳርምሽታት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ የሞለኪውሎችን ስፔክትረም በማጥናትና በማስተማር ተሰማሩ። ይሁን እንጂ ባለቤታቸውና የምርምር አጋራቸው ሉዊዘ የአይሁድ ተወላጅ ስለነበሩ የናዚ አገዛዝ የማስተማር መብታቸውን ነፈጋቸው። ባልና ሚስቱ በ1935 ወደ ካናዳ ተሰደው በሳስካቸዋን ዩኒቨርሲቲ መጠጊያ አገኙ።

በዚያን ዘመን ተመራማሪዎችን ያከራክር የነበረው በከዋክብት መካከል ባለው ጠፈር ሞለኪውል ይኖር እንደሆነ ነው። በግንቦት ወር እኩለ ሌሊት ገደማ ከሐይቅና ከአምባሰል ለሚያይ ሰው ዜታ ኦፊዩኪ የተባለው ኮከብ ከአናት ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ይታያል። ብርሃኑ ወደ ምድር ሲመጣ በስስ የጋዝ ደመና ውስጥ ስለሚያልፍ በስፔክትረሙ ላይ ምንጫቸው ያልታወቀ ጥቁር መስመሮች ይነበቡ ነበር። በ1941 ኸርዝበርግና ተማሪያቸው አሌክሳንደር ዳግላስ ከእነዚህ መስመሮች አንዳንዶቹን በቤተ ሙከራ አስገኝተው፣ አንድ ካርቦንና አንድ ሃይድሮጅን የያዘ አዎንታዊ አዮን መሆናቸውን አረጋገጡ። እንዲህ ያለው ንቁ አካል በምድር አየር ውስጥ ሌላ ሞለኪውል እንደነካ ተለውጦ ይጠፋል፤ በጠፈር ግን ግጭት እጅግ ብርቅ በመሆኑ ለመታየት እስኪበቃ ይቆያል።

በ1942 ኸርዝበርግ በጅራታም ኮከቦች ላይ በ405 ናኖሜትር አካባቢ የሚታየውን የብርሃን ረድፍ በቤተ ሙከራ አግኝተው፣ የሜቲሊን እንደሆነ ገመቱ። በ1951 ግን ያው ዳግላስ ካርቦን 13ን ተጠቅሞ፣ ምንጩ ሦስት የካርቦን አቶሞች ብቻ ያሉት ሞለኪውል መሆኑን አሳየ። የመምህሩን ግምት ያፈረሰው በመምህሩ ዘዴ የሠለጠነ ተማሪ ነበር። በኦታዋ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ይሠሩ የነበሩት ኸርዝበርግም ማስረጃውን ተቀብለው የእውነተኛውን ሜቲሊን ፍለጋ ቀጠሉ፤ በ1959 ከሹስሚዝ ጋር ስፔክትረሙን አገኙ።

በነፃ ራዲካሎች አወቃቀር ላይ ላበረከቱት ዕውቀት በ1971 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1999ም ዐረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለሦስት ካርቦኑ ሞለኪውል በዜታ ኦፊዩኪ አቅጣጫ ባለው ደመና ውስጥ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ የለዩት በዚያው በ405 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ረድፍ ነው። ኸርዝበርግ በ1942 የሰጡት ስም ቢሻርም፣ በቤተ ሙከራ ያስገኙት ብርሃን ግን አልተሻረም።