የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሕይወትና የክበባችን ክርክር

የንባብ ክበባችን ለዓድዋ በዓል ምሽት ምን እናቅርብ ብሎ በተሰበሰበ ጊዜ፣ ከመካከላችን አንዱ ከልብ ወለድ ታሪክ ጥቂት ገጾች ይነበቡ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ዛሬ ብዙ ሰው ጦቢያ በሚል ስም የሚያውቀው መጽሐፍ ነው። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ስለ ሆነ በአገር በዓል ቀን ቢነበብ የሚያምር መስሎን ብዙዎቻችን እጃችንን አወጣን። ይኸን ጊዜ ከወደ ኋላ ተቀምጦ የነበረ የታሪክ ክፍል ተማሪ ብድግ ብሎ፣ ዓድዋ ላይ ጦርነቱ ሲደረግ የመጽሐፉ ደራሲ ከማን ወገን እንደ ነበሩ የምታውቁ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ከሁለት ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እነዚያም ሁለቱ ዝም ማለትን መርጠው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጫጫታ በዚያ ምሽት በመኝታ ቤቱ አጠገብ ያለፈ ኹሉ ሰምቶታል። የሚያስቀው ነገር፣ የመጀመሪያው ጠብ ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ አጠራር መሆኑ ነው። አንዱ ወገን ደራሲውን «እሱ» ይላል፤ ሌላው «እሳቸው» ይላል። ለባንዳ አንቱታ የለም የሚሉ ነበሩ። ለሽማግሌና ለሙት አንቱታ አይነፈግም የሚሉም ነበሩ። እኛ ይኸን ጽሑፍ የምናዘጋጀው ሦስት ልጆች በዚህ ጕዳይ ገና አልተስማማንም፤ ነገር ግን ጽሑፉ በማባዣ የሚወጣው አንድ ጊዜ ስለ ሆነ «እሳቸው» ብለን እንቀጥላለን። የተቈጣ አንባቢ በእርሳስ ያርመው። ዓመታቱ ኹሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ተወለዱ። ዘጌ የቡና ጫካና የገዳማት አገር ነው። የገዳማቱም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ስለ ሆነ፣ በዚያ ያደገ ልጅ ገና ፊደል ሳይለይ ቀለም ይለያል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አፈወርቅም የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው በሥዕል እጃቸው የተፈታ ወጣት ሆኑ። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ዝምድና እንደ ነበራቸውም ይነገራል። ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የገቡትም በዚሁ በር ይመስለናል።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1880 ዓ.ም. አካባቢ፣ ወጣቱን ወደ ጣልያን አገር ላኳቸው። በቶሪኖ ከተማ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው ሥዕል ተማሩ። እስቲ አስቡት፤ ከዘጌ ጫካ የወጣ የሃያ ዓመት ልጅ ባቡር፣ የጋዝ መብራት፣ ማተሚያ ቤት በአንድ ጊዜ ሲያይ! እኛ ከየገጠሩ አርባ ምንጭ ስንገባ የተደነቅነው እንኳ ገና አልወጣልንም። ወደ አገራቸው ተመልሰው በእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሣሉ፤ ነገር ግን ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጋር አልተስማሙም። አውሮፓን አይቶ የተመለሰ ሰው በዚያን ጊዜም እንደ ዛሬው ኹሉ ብዙ ይናገራል፤ ብዙ የሚናገርም ብዙ ጠላት ያፈራል።

በ1887 ዓ.ም. ግድም ለኹለተኛ ጊዜ ተላኩ። ይኸኛው ጕዞ ወደ ስዊስ አገር ወደ ኑሻቴል ነው፤ አብረዋቸውም የራስ ዳርጌ ልጅ ጉግሣና ቅጣው የሚባል ሌላ ወጣት ነበሩ። የታሪክ ክፍሉ ጓደኛችን ጥያቄ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጣልያንና ኢትዮጵያ በውጫሌ ውል ምክንያት ለጦርነት ሲዘጋጁ፣ ሦስቱ ተማሪዎች ከትምህርት ቤታቸው ጠፍተው ወደ ጣልያን ተሻገሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ገበሬው ስንቁን ተሸክሞ በእግሩ ዓድዋ ሲደርስ፣ በንጉሡ ገንዘብ አውሮፓ ገብቶ የተማረው ሰው በጠላት ወገን ነበረ። ይኸን እኛ የምናለዝብበት ቃል የለንም። ከመካከላችን አንዱ ወጣትነታቸውንና መታለላቸውን ምክንያት ሊያደርግ ሞክሮ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ግን ከማናችንም ዕድሜ ይበልጣል።

ከጦርነቱ በኋላ አፈወርቅ እዚያው ጣልያን አገር ቀሩ። ከ1894 ዓ.ም. ጀምሮ በናፖሊ በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምሩ ነበር፤ ጣልያናዊትም ሚስት አገቡ። እነዚያ የስደት ዓመታት ለብዕራቸው የመከር ወራት ሆኑላቸው። የአማርኛ ሰዋስው በጣልያንኛ ጻፉ፤ ስለ አማርኛ ግሥም ሌላ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ልብ ወለድ ታሪክ በሮማ ታተመ።

የመጽሐፉን ታሪክ ያላነበባችሁ ትኖሩ ይሆናልና ባጭሩ እንንገራችሁ። አንድ ክርስቲያን ሹም በጦርነት ድል ሆኖ ይማረክና ለባርነት ይሸጣል። አንድ ደግ ነጋዴ ገዝቶ ነጻ ያወጣዋል። ሹሙ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ልጁ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ለመክፈል ገንዘብ ፍለጋ ይወጣል፤ እሱም በተራው ተይዞ ይሸጣል። ይኸን ጊዜ አባትየውና መንትያ እኅቱ ጦቢያ ሊፈልጉት ይነሣሉ። ጦቢያ መንገዱ ለሴት ልጅ ስለማያመች የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ከዚያ የሚመጣው ነገር ሳቅም እንባም ነው፤ የአረመኔው ንጉሥ ዘመድ የሆነች ልጅ ጦቢያን ወንድ መስላት ትወድዳታለች፤ ንጉሡም በመጨረሻ እውነቱ ሲገለጥ ክርስትና ተነሥቶ ጦቢያን ያገባል፤ ዋሕድም ያችኑ ልጅ ያገባል።

ይኸ ሲተረክ እንደ ተረት ይመስላል፤ ተረትነትም አያጣውም። የአጋጣሚው ብዛት ዛሬ ያስቃል። የመጽሐፉ ጕልበት ግን በአማርኛው ነው። ከዚያ በፊት በአማርኛ የተጻፈው አብዛኛው ዜና መዋዕል፣ ደብዳቤና የሃይማኖት ጽሑፍ ነበር። አፈወርቅ ግን የዘጌና የጎጃም ሰው በእሳት ዳር የሚያወራውን ቋንቋ ከነለዛው ወደ መጽሐፍ አስገቡት። አንድን ነገር ለመግለጽ አንድ ቃል የሚበቃ ሲሆን አምስት ይደረድራሉ፤ አንባቢም አይሰለችም። እኛ የአማርኛ ተማሪዎች መዝገበ ቃላት ይዘን ያነበብናቸው ገጾች አሉ። ከጋሞ ደጋ የመጣው፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረው ጓደኛችን ደግሞ ከኹላችን አስቀድሞ ጨረሰው፤ ያላወቀውን ቃል እየዘለለ እንደ ሄደ ሲነግረን ኹላችንም እንደዚያው አድርገን እንደ ነበረ አመንን።

ዋናዪቱ ሴት ጦቢያ መባልዋም በአጋጣሚ አይመስለንም፤ ጦቢያ ማለት ኢትዮጵያ ነውና። አገራቸውን በጠላት ወገን ሆነው የተመለከቱ ሰው፣ በባዕድ ከተማ ተቀምጠው፣ አገራቸውን በቆንጆ፣ በደፋርና በታማኝ ልጃገረድ መስለው ጻፉ። ይኸን እንዴት እንደምንፈታው አናውቅም። ጸጸት ነው የሚል አለ፤ ናፍቆት ብቻ ነው የሚልም አለ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው፣ በዚያው በ1900 ዓ.ም. በፈረንሳይኛና በአማርኛ ለመንገደኞች የሚሆን የንግግር መምሪያ ማሳተማቸው ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ተጓዥና ባላገር እየተነጋገሩ የኢትዮጵያን አስተዳደር ያለ ምሕረት ይነቅፋሉ፤ የሹሙ ግፍ፣ የወታደሩ ዘረፋ፣ የገበሬው መከራ ይዘረዘራል። በዓመቱ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ የሚለው የሕይወት ታሪክ ወጣ፤ በዚያም ንጉሠ ነገሥቱ እስከ ሰማይ ይወደሳሉ፤ አጤ ዮሐንስና አጤ ቴዎድሮስ ግን ይዋረዳሉ። አንድ ብዕር በኹለት ዓመት ውስጥ ኹለት ልሳን ሲናገር ማየት ያስደነግጣል። ምናልባት ወደ አገር የሚመለሱበትን መንገድ እየጠረጉ ይሆናል።

ይኸን ያየው እኛ ብቻ አይደለንም። የዓድዋው ተወላጅ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1904 ዓ.ም. አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ በተባለው ጽሑፉ የአፈወርቅን መጽሐፍ በብርቱ ተቸ። የታሪክ ጸሐፊ የማያዳላ ልብ ሊኖረው ይገባል ባይ ነበር። እንግዲህ በአማርኛ ደራሲና ሐያሲ በአደባባይ ሲከራከሩ ከታዩባቸው ከመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንዱ ይኸ ነው ብንል አንሳሳትም። የእኛ የመኝታ ቤት ጫጫታ ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል። የጨንቻው ጓደኛችን በበኩሉ ሌላ ነገር ጨመረ፤ የምኒልክ ጦር በ1887 ዓ.ም. ወላይታን በከባድ ውጊያ ሲይዝ፣ ቀጥሎም የጋሞ ደጋ ሲያዝ፣ የአያቶቹ ወገኖች ውዳሴ የሚጽፍላቸው እንዳልነበረ አስታወሰን። ስለዚህ እሱ የሚያነበው በሌላ ጆሮ ነው፤ ከገብረ ሕይወትም ከእኛም የተለየ።

አፈወርቅ በኤርትራ በንግድ ሥራ ከቈዩ በኋላ በራስ ተፈሪ ዘመን ወደ አገራቸው ገቡ። የድሬዳዋ ጕምሩክ ሹም ሆነው ነጋድራስ ተባሉ፤ ቀጥሎም በአዲስ አበባ የውጭ አገር ሰዎችና የኢትዮጵያውያን ክርክር የሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። ከ1924 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ በሮማ የኢትዮጵያ መንግሥት መልእክተኛ ነበሩ። የቀድሞው ጥፋታቸው ተረስቶላቸው ነበር ማለት ነው፤ አገራቸው ይቅር ብላ ወደዚያው አገር፣ በዚያው ጠላት ፊት እንዲቆሙላት ላከቻቸው። እኛን ከኹሉ ያሳዘነን ይኸ ነው።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ነጋድራስ አፈወርቅ ወደ ሰባ ዓመት ይጠጋሉ። አልሸሹም፤ ዝምም አላሉም። ለአዲሱ ጌታ አደሩ፤ አፈ ቄሣር የሚል ማዕርግም ተሰጣቸው። እናታቸው ወይም የክርስትና አባታቸው የወርቅ አፍ ብለው የሰየሟቸው ሰው የቄሣር አፍ ሆኑ። በዚያው ዘመን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር በስደት ሞቱ፤ ዮፍታሔ ንጉሤ በሱዳን ተሰደደ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ በየመንገዱና በየቤቱ ታረደ፤ የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ። ሌሎቹ ደራሲዎች ምርጫ አልነበራቸውም ሊባል አይቻልም፤ የመረጡት ሌላ ነው።

አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ሽማግሌው ተፈርዶባቸው ወደ ጅማ ተጋዙ። እዚያም ዐይናቸው ጠፋ። የዘጌን ግድግዳ እያየ ያደገ፣ በቶሪኖ ቀለም የተማረ ሰው በመጨረሻ ምንም ሳያይ በመስከረም 1940 ዓ.ም. በጅማ ሞተ። (ተሳሳትን፤ ሞቱ ማለታችን ነው። አንደኛችን እንዲህ ብሎ ጻፈው፤ ሌሎቻችንም አላረምነውም።)

ይኸ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት የቤተ መጻሕፍቱን መደርደሪያ አገላበጥን። የኖርዌዩ ክኑት ሐምሱን በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ታላቅ ደራሲ ሲሆን፣ አገሩን ጀርመኖች በያዙ ጊዜ ከነሱ ጋር ቆመ፤ ሜዳሊያውንም ለጎብልስ ሰጠ። ከጦርነቱ በኋላ በፍርድ ቤት ገንዘብ ተቀጣ፤ መጻሕፍቱ ግን ይነበባሉ። አሜሪካዊው ባለቅኔ ኤዝራ ፓውንድ ከሮማ ሬዲዮ ሆኖ ለሙሶሊኒ ይናገር ነበር፤ ከዚያም በአገሩ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶበት ኖረ። የፓውንድ ሙሶሊኒና የአፈወርቅ ሙሶሊኒ አንድ ሰው ነው። ልዩነቱ፣ በፓውንድ ንግግር አዲስ አበባ ላይ የሞተ ዘመድ እኛ የለንም።

ወደ ስብሰባችን እንመለስ። የክበቡ ሰብሳቢ እጅ ይቈጠር ሲል የጨንቻው ጓደኛችን እምቢ አለ። በዱቡሻ፣ በአባቶቹ የጉባኤ ቦታ፣ የተቸገረ ጕዳይ እስኪስማሙ ድረስ ይነገራል እንጂ እጅ ተቈጥሮ ግማሹ አኩርፎ አይሄድም ብሎ አስረዳን። ስለዚህ ዘበኛው መጥቶ መብራት እስኪያጠፋብን ድረስ ተነጋገርን፤ በማግሥቱም ቀጠልን። በሦስተኛው ቀን የተስማማነው እንዲህ ነው፤ መጽሐፉ ይነበባል፣ ከክበቡ ዝርዝርም አይወጣም፤ የሚነበበው ግን በዓድዋ ምሽት አይደለም። የካቲት 23 የዘመቱት ሰዎች ቀን ነው። ጦቢያ በሚያዝያ፣ ከፈተና በፊት ባለው ዓርብ ይቀርባል፤ ከንባቡም በፊት ይኸ የሕይወት ታሪክ ጮክ ተብሎ ይነበባል።

የቤተ መጻሕፍቱ ቅጂ አንድ ብቻ ነው። በውስጥ ገጹ፣ ከደራሲው ስም አጠገብ፣ ማን እንደ ሆነ የማናውቀው ሰው በእርሳስ የስድብ ቃል ጽፎበታል፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ እጅ ቃሉን ሊፋቅ ሞክሮ ወረቀቱን ቀዶታል። መጽሐፉን የምትዋሱ ይኸን ገጽ ቀስ ብላችሁ ግለጡት።